ተማሪውን ልኮ መምህሩን ማስቀረት፤ ስለ ዩኒቨርሲቲና ስለ ኢንዱስትሪ ኅብረት

የደርግ መንግሥት ባለፈበት ጊዜ፣ አስመራ ከተለየች በኋላ፣ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተብለው ይጠሩ የነበሩት የአዲስ አበባውና የአለማያው ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ዛሬ በመንግሥት የተቋቋሙት ብቻ ከ40 በልጠው፣ ቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንኳ እንደ ብርቅ ይታይባቸው በነበሩት ከተሞች ሳይቀር በየዓመቱ ካባ የለበሱ ምሩቃን ይታያሉ። ይህ በአንድ ትውልድ ዕድሜ የተፈጸመ መስፋፋት፣ የገበሬ ልጅ ከቀዬው ብዙ ሳይርቅ የከፍተኛ ትምህርትን ደጅ እንዲረግጥ ያደረገ ስለ ሆነ፣ ማንም ምንም ቢል ምስጋና የሚገባው ነው። ነገር ግን ቁጥሩ በበዛ መጠን ሁለት አቤቱታዎች አብረው እየበረቱ መጡ፤ አንደኛው፣ ዲግሪ ይዤ ሥራ አጣሁ የሚለው የምሩቁ አቤቱታ ነው፤ ሁለተኛው፣ ምሩቅ ሞልቶ ሥራ የሚያውቅ ሰው አጣሁ የሚለው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ አቤቱታ ነው። ሁለቱም በአንድ ከተማ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ አጥር ግራና ቀኝ ይሰማሉ። ለሁለቱም መድኃኒት ይሆናል ተብሎ የታሰበው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም የዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ትስስር ነው።

ትስስሩ ሕግም ደንብም አጥቶ አያውቅም። በ1998 ዓ.ም. ገደማ ከጀርመን መንግሥት ጋራ በተጀመረው የምህንድስና ዐቅም ግንባታ መርሐ ግብር ሥርዓተ ትምህርቱ ተለውጦ፣ የምህንድስና ተማሪ ከትምህርቱ ዘመን አንዱን መንፈቀ ዓመት በሥራ ቦታ እንዲያሳልፍ ተደነገገ፤ በ2001 ዓ.ም. ከሚገቡት ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ተወሰነ፤ ጥቂት ቆይቶ የአዳማና የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ለዚሁ ዓላማ ተለይተው ቆሙ፤ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ወጣ፤ ዩኒቨርሲቲዎችም የምርምር፣ የተግባር ሳይንስና አጠቃላይ እየተባሉ በተልእኮ ተከፈሉ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጀመረ። በየዩኒቨርሲቲው የትስስር ጽሕፈት ቤት አለ፤ ኀላፊ አለው፤ ማኅተም አለው። ይህ ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ፍሬው እንደ ልፋቱ ያልሆነበትን ምክንያት ስመረምር ያገኘሁትን ፍርድ አስቀድሜ ልናገር። ትስስሩን ስናቋቁም በፋብሪካው ደጅ ያቆምነው ተማሪውን ብቻ ነው፤ መምህሩን ከዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ አላወጣነውም፤ የፋብሪካውን መሐንዲስም ወደ ትምህርት ክፍሉ አላስገባነውም። የላኩትም የተቀበሉትም ሳይተዋወቁ መልእክተኛው ብቻውን ይመላለሳል።

ይህ ጉድለት ከመጀመሪያው የነበረ አይደለም። በአገራችን የዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት ታሪክ ውስጥ መምህሩ ራሱ ወደ ሥራው ስፍራ የወረደበት፣ ወርዶም ፍሬ ያፈራበት ጊዜ ነበረ። የኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒካል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሄንሪ ቤኔት በ1942 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋራ ከተነጋገሩ በኋላ፣ በ1944 ዓ.ም. በተፈረመው ስምምነት መሠረት የእርሻ ኮሌጅ እንዲቋቋም ተወሰነ፤ ቤኔት ግን ስምምነቱ ሳይፈረም በኢራን በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ዐርፈው ነበር። ኮሌጁ ትምህርቱን በጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ጀምሮ፣ በ1949 ዓ.ም. በሐረር ደጋ ወደሚገኘው ወደ አለማያ ተዛወረ። የዚህ ኮሌጅ ሥርዓት ከአሜሪካ የመሬት ስጦታ ዩኒቨርሲቲዎች የተቀዳ ስለ ነበረ፣ ማስተማር፣ መመራመርና ለገበሬው ማስፋፋት የሚባሉት ሦስቱ ተግባራት በአንድ ተቋም፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ሰው ላይ የተዋሐዱ ነበሩ። ጧት በክፍል ስለ ማሽላ በሽታ የሚያስተምረው መምህር ከቀትር በኋላ በማሳው ውስጥ ያንኑ በሽታ ይመረምር ነበር፤ የሚመረምረውም ገበሬው ያመጣለትን ጥያቄ ነበር። በዚያ ዘመን የአገሪቱ ኢንዱስትሪ እርሻ፣ የእርሻውም ባለቤት ገበሬው ነበረና፣ ዛሬ በብዙ ስብሰባ የምንፈልገው ትስስር ያን ጊዜ ስም ሳይወጣለት ይሠራ ነበር።

ፍሬውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ይኸው ኮሌጅ በደብረ ዘይት ባቋቋመው የምርምር ጣቢያ ለብዙ ዘመን ጤፍ ሲጠና ቆይቶ፣ በኋላ የጣቢያው አስተዳደር ቢለወጥም ሥራው ሳይቋረጥ፣ በ1998 ዓ.ም. ቁንጮ የተባለው ዝርያ ወጣ። ቁንጮ የተገኘው ምርቱ ብዙ የሆነውን ዱከምን እጅግ ነጭ ከሆነው ከማኛ ጋራ በማዳቀል ነው። ጤፍን የሚያውቅ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ይረዳዋል፤ ገበሬው ብዙ ማምረት ይሻል፤ ገበያው ደግሞ ነጩን ይመርጣል፤ ተመራማሪው ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ቅንጣት ዘር ውስጥ አገናኛቸው። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ በመሆኗ ወንዴውን ከሴቴው ለይቶ በእጅ ማዳቀል በማጉያ መነጽር ሥር የሚፈጸም፣ ትዕግሥትን የሚፈትን ሥራ መሆኑን ላሰበ ሰው፣ እንዲህ ያለው ድካም በማን ጥያቄ ተነሥቶ ለማን ጥቅም እንደ ተፈጸመ ማወቅ ያስደንቀዋል። በጅማው ትምህርት ቤትና በአለማያ የተማሩት፣ በ1965 ዓ.ም. ከኮሌጁ የተመረቁት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም ድርቅንና አቀንጭራን በሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎች ላይ ባደረጉት ምርምር እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። እኒህን የመሰለ ሊቅ በአንድ ሥርዓት ብቻ ተገኘ አልልም፤ ማሳን ከመጽሐፍ ባልለየ ቤት ማደጋቸው ግን የሚዘነጋ ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ብዙ ጊዜ አይነገርም። በ1955 ዓ.ም. የማስፋፋቱ ሥራ ከኮሌጁ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ራሱን ችሎ ተቋቋመ። እያንዳንዱ ውሳኔ ለየራሱ ሲመረመር ምክንያት አለው፤ አገር አቀፍ ተግባር በአንድ ኮሌጅ ትከሻ ላይ ብቻ ሊቆይ አይችልም ነበርና። ሆኖም ሦስት ሆነው አንድ የነበሩት ተግባራት በሦስት መሥሪያ ቤቶች ተከፋፍለው፣ መምህሩ ለማስተማር፣ ተመራማሪው ለመመራመር፣ የልማት ሠራተኛው ለማስፋፋት ብቻ ሲመደቡ፣ አንዱ የሌላውን የሚሰማው በደብዳቤና በዓመታዊ ጉባኤ ሆነ። ዛሬ በፋብሪካና በዩኒቨርሲቲ መካከል የምናየው ርቀት የዚያው ልማድ ቅጥያ ነው እላለሁ፤ ተግባርን ለመሥሪያ ቤት ማከፋፈልን ለምደን፣ የተከፋፈለውን መልሶ በሰው ማገናኘትን አልለመድንም።

በዚያው ዘመን ሌሎችም ነበሩ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኰንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የንጽሕና ጠባቂውን በአንድ ቡድን አድርጎ በየጤና ጣቢያው ያሠለጥን ነበር፤ በዚያው ዓመት ግድም በስዊድን እርዳታ የቆመው የሕንፃ ኮሌጅ ከማስተማሩ ጋራ የሕንፃ ዕቃዎችን ይመረምርና ይፈትሽ ነበር፤ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት እንዲያገለግል ያስገድድ ነበር። በባሕር ዳርም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣልያን የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት በ1955 ዓ.ም. ተከፍቶ፣ ከትምህርት ዘርፎቹ አንዱ የጨርቃ ጨርቅ ቴክኖሎጂ ሆነ። ፋብሪካና ትምህርት ቤት በአንድ ሐይቅ ዳር ጎን ለጎን እንዲቆሙ መደረጉ ማለፊያ አሳብ ነበር፤ ዛሬ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የጨርቃ ጨርቅና የፋሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የዚያ ዘር ነው። የጥጥን ነገር በዚያ የተማረ ሰው የፋብሪካውን የፈረቃ ደወል እየሰማ ስላደገ፣ ቢያንስ የትምህርቱን መድረሻ አይስትም ነበር።

የውጭውን ዓለም ምሳሌ መጥቀስ ካስፈለገ፣ ከሁሉ አብልጦ የሚያስተምረው የአሜሪካዋ የሲንሲናቲ ከተማ ታሪክ ነው። ኸርማን ሽናይደር የተባሉት የምህንድስና መምህር እ.ኤ.አ. በ1906 በሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ 27 ተማሪዎችን ይዘው አንድ ያልተለመደ ሥርዓት ጀመሩ። ከተማይቱ የብረት መቁረጫና መቅረጫ መኪናዎች የሚሠሩባት ስለ ነበረች፣ ተማሪዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይመደቡና አንደኛው ሳምንቱን በክፍል ሲማር ሁለተኛው በፋብሪካው ይሠራል፤ በሳምንቱ ይለዋወጣሉ፤ በዚህ መንገድ የፋብሪካው ቦታ አንድ ቀን እንኳ ባዶ ሳይሆን፣ ሁለቱም ደመወዛቸውን እያገኙ ይማራሉ። የዩኒቨርሲቲው የበላይ ቦርድ ፈቃድ የሰጠው በጥርጣሬ፣ ለአንድ ዓመት ሙከራ ብቻ ነበር። ይህ ሥርዓት ዛሬ በብዙ አገሮች የተስፋፋ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1957 የተመሠረተው የካናዳው የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ በእርሱ ላይ ቆሞ ስመ ጥር ሆኗል።

በአገራችን ስለ ሲንሲናቲ የሚያውቁ ሰዎች ከታሪኩ የሚያነሡት ተማሪው መሥራቱን ነው። የሥርዓቱ ነፍስ ግን ሌላ ነገር ነበር። ሽናይደር በክፍሉና በፋብሪካው መካከል አገናኝ የሚሆን መምህር ሾሙ፤ ይህ መምህር የኮሌጅ ምሩቅ ሆኖ የፋብሪካን ሥራ የሚያውቅ፣ ጧት ጧት በዩኒቨርሲቲው፣ ከቀትር በኋላ በየፋብሪካው የሚውል ሰው ነበር። ተማሪው በመኪናው ላይ ምን እየሠራ እንደ ሆነ አይቶ ይመለስና፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያ ተማሪ ወደ ክፍል ሲመጣ፣ ይህን ብረት ስትቈርጥ ስለ ምን እንዲህ ባለ ፍጥነት ቈረጥኸው፣ ምላጩስ ስለ ምን በዚህ ማእዘን ተሳለ፣ ብሎ በክፍሉ ፊት ይጠይቀዋል። ከዚያ በኋላ የሒሳቡና የፊዚክሱ ትምህርት የሚጀምረው ከዚያ ጥያቄ ነው። እንግዲህ የሲንሲናቲ ጥበብ ተማሪውን ወደ ፋብሪካ መስደድ አይደለም፤ መምህሩ የተማሪውን ዱካ ተከትሎ መሄዱ ነው።

ጀርመኖች ደግሞ በሌላ በኩል አጠበቁት። እ.ኤ.አ. በ1974 በሽቱትጋርት በተጀመረውና በኋላ የባደን ቩርተምበርግ ሁለትዮሽ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ሥርዓት፣ ተማሪው ወደ ትምህርት የሚገባው አስቀድሞ ከአንድ ድርጅት ጋራ ውል ተዋውሎ ነው፤ በየሦስት ወሩ እየተፈራረቀ ሲማርና ሲሠራ፣ በክፍል በሚቀመጥበትም ጊዜ ደመወዙን የሚከፍለው ድርጅቱ ነው። ገንዘብ ያወጣ ሰው የገዛውን ነገር ይከታተላልና፣ ተማሪው ሥራ ፈትቶ እንዲውል ድርጅቱ አይፈቅድም፤ ዩኒቨርሲቲውም የማይረባ ትምህርት ቢያስተምር በማግሥቱ ይጠየቃል።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። የምህንድስና ተማሪ አራተኛው ዓመት ላይ ሲደርስ ከትምህርት ክፍሉ የድጋፍ ደብዳቤ ተጽፎለት ኢንተርንሺፕ ይወጣል። ደብዳቤውን ይዞ ከአንዱ ድርጅት ወደ ሌላው ሲዞር፣ ብዙ ጊዜ የሚረዳው ዘመድ ወይም የዘመድ ወዳጅ ነው፤ በአንድ ጊዜ በአሥር ሺሕ የሚቈጠሩ ተማሪዎች ሲላኩ፣ የአምራች ኢንዱስትሪው ድርሻ ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት አሥር በመቶ እንኳ በማይሞላበት አገር ሁሉንም የሚያስተናግድ ፋብሪካ ከየት ይመጣል? ቦታ ካገኘ በኋላ ሎግቡክ ይሰጠዋል፤ በየቀኑ የሠራውን ጽፎ የፋብሪካው ሱፐርቫይዘር እንዲፈርምበት ነው። ሱፐርቫይዘሩ ግን ማምረቻው እንዳይቆምበት ከጧት እስከ ማታ የሚራወጥ ሰው ስለ ሆነ፣ የሦስት ሳምንቱን ገጽ በአንድ ጊዜ፣ ቆሞ፣ እየገለጠ ይፈርምለታል። ከዩኒቨርሲቲው የተመደበው አድቫይዘር አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ቀን ይመጣል፤ ሰላምታ ይሰጣል፤ ልጁ መገኘቱን ያረጋግጣል፤ ይሄዳል። ይህን የምለው ማንንም ለመንቀፍ አይደለም፤ አድቫይዘሩ በልዩ ልዩ ከተማ የተበተኑ ብዙ ተማሪዎችን በጥቂት የውሎ አበል እንዲጐበኝ የታዘዘ ሰው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ሊያደርግ አይችልም።

ልጁ በቆመበት ስፍራ ምን እንደሚያልፈው ግን በቅርብ ማየት ይገባል። የአንድ የክር መፍተያ መኪና ኩሽኔታ በየጊዜው እየጋለ ይቃጠላል እንበል። የጥገና ክፍሉ ሰው ድምፁን ሰምቶ፣ እጁን አስጠግቶ ሙቀቱን ለክቶ፣ ሊበላ መሆኑን ከአንድ ቀን በፊት ያውቃል፤ መኪናውን ያቆማል፤ አሮጌውን አውጥቶ አዲሱን ይመታል፤ ግራሶ ይቀባል፤ መኪናው ይነሣል። ከወር በኋላ ያው ይደገማል። ተማሪው በአጠገቡ ቆሟል፤ የኩሽኔታ ዕድሜ ከሚሸከመው ጫናና ከሚዞርበት ፍጥነት ጋራ የሚሰላበትን ቀመር ባለፈው ዓመት ተፈትኖ አልፎበታል፤ ግን ያ ቀመር ይህችን የጋለች ብረት የሚመለከት መሆኑ አይታየውም። የጥገናው ባለሙያ ደግሞ ሃያ ዓመት የጨበጠውን ዕውቀት በቀመር አልጻፈውም፤ ዘንጉ ተጣሞ ይሆን፣ የጥጡ ብናኝ ከግራሶው ተቀላቅሎ ይሆን፣ ወይስ የተገዛው መለዋወጫ ከሚፈለገው የወረደ ይሆን፣ ብሎ አንድ በአንድ ለይቶ ለማጣራት ጊዜም መሣሪያም የለውም። አንዱ የጆሮና የእጅ ዕውቀት አለው፣ ሌላው የቀመር ዕውቀት አለው፤ ሁለቱን አስተርጓሚ ሆኖ የሚያገናኝ ሦስተኛ ሰው ጠፍቷል። ያ ሰው መምህሩ ነበር። በዚያ ፋብሪካ አንድ ወር ቢቀመጥ ኖሮ ፋብሪካው የኩሽኔታ ወጪው ይቀንስለት፣ ተማሪው የመመረቂያ ጥናት ያገኝ፣ መምህሩም በሚቀጥለው ዓመት ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳውን ምሳሌ ትቶ የራሱን ምሳሌ በሰሌዳ ላይ ይጽፍ ነበር።

መምህሩ የማይሄደው ሰነፍ ስለ ሆነ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልቀበለውም። ብዙዎቹ መምህራን ገና በወጣትነታቸው፣ ከመጀመሪያ ዲግሪያቸው ቀጥለው በረዳትነት የተቀጠሩ፣ ከተማሪነት ወንበር ወደ መምህርነት ሰሌዳ በአንድ እርምጃ የተሻገሩ ናቸው፤ በፋብሪካ ውስጥ የሠሩበት ዘመን የላቸውም፤ ማንም እንዲኖራቸው አልጠየቀም። የማዕርግ ዕድገታቸው በዋነኛነት የሚመዘነው በመጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ነው፤ ለአንድ ፋብሪካ የማያቋርጥ ብልሽት መፍትሔ ያገኘ መምህር፣ ያንን መፍትሔ በውጭ መጽሔት ካላተመው በስተቀር፣ በሚዛኑ ላይ እምብዛም አይከብድለትም። ዘመኑ ሙሉ የማስተማር ሰዓት ተጭኖበታል። ለምርምሩ አንድ ኬሚካል ወይም መለኪያ ሲያስፈልገው የመንግሥት ግዥ ሥርዓት ወራት ይወስድበታል፤ ፋብሪካው ግን መልሱን የሚፈልገው በሳምንት ነው። ስለዚህ ሰውዬውን ሳይሆን ሰውዬው የቆመበትን ሥርዓት መውቀስ ይገባል።

በትስስሩ ስም የሚደረገውን የመግባቢያ ሰነድ ሥነ ሥርዓትም በዚህ ዐይን ማየት ይቻላል። ፕሬዚዳንቱና ሥራ አስኪያጁ በባነር ፊት ተቀምጠው ይፈርማሉ፤ ሰነዱ በጋራ ምርምር፣ በሥልጠና፣ በልምድ ልውውጥ ስለ መተባበር ይናገራል፤ ማን፣ በየትኛው ክፍል፣ በየትኛው መኪና ላይ፣ ለስንት ጊዜ፣ በማን ወጪ እንደሚሠራ ግን አይናገርም። ፕሬዚዳንቱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ሲለወጥ ሰነዱም አብሮ ይረሳል፤ ሥር የያዘው በሁለት ሹማምንት መልካም ፈቃድ ላይ ብቻ ነበርና።

ጥፋቱን ሁሉ በዩኒቨርሲቲው ላይ መጣል ደግሞ ፍርደ ገምድልነት ነው። ኢንዱስትሪያችን ራሱ ከሊቃውንት ጋራ የሚያገናኝ ጥያቄ ምን ያህል አለው? በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለብዙ ሺሕ ወጣቶች፣ ይልቁንም ለሴቶች ልጆች፣ ሥራ ከፍቷል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ጨርቁ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ፣ ንድፉ በውጭ የሚነደፍ፣ ገዥውም በውጭ ያለ ሆኖ በእኛ እጅ የሚቀረው ይበልጡን ስፌቱ ሲሆን፣ በዚያችው ከተማ ያለው ዩኒቨርሲቲ የሚጠየቀው ጥያቄ ጥቂት ይሆናል። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ጋራ ሲነግድ የድካሙን ዋጋ እንደማያገኝ ያስረዱት ነገር በዚህ ቦታ ይታወሳል። አሜሪካ በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል ስታስወጣ የታየው ድንጋጤም ከዚሁ የመጣ ነው፤ በሌላው ፈቃድ ላይ የቆመ ሥራ ፈቃዱ ሲነሣ ይናወጣል። ቢሆንም በዚያ ፓርክ እንኳ ጥያቄ አይጠፋም። የፋብሪካውን ፍሳሽ አንድ ጠብታ ወደ ሐይቁ ሳያስገባ አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም መሣሪያ ተተክሏል፤ ይህን መሣሪያ በኢትዮጵያውያን እጅ ማንቀሳቀስ፣ መጠገን፣ ከተቻለም በአነስተኛ ወጪ ለሌሎች ከተሞች መሥራት፣ ለኬሚስትሪና ለውሃ ምህንድስና መምህራን የብዙ ዓመት ሥራ ነው።

ከኢንዱስትሪው ወገን ማድረግ እንደሚቻል የሚያሳይ ምሳሌ ቢፈለግ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አለ። በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋራ ሲቋቋም አብራሪውም መካኒኩም አሜሪካዊ ነበር፤ ድርጅቱ ግን ሰው ከሌላ ትምህርት ቤት ተምሮ እስኪመጣለት አልጠበቀም፤ በራሱ ቅጥር ግቢ ማሠልጠኛ አቁሞ፣ የሚማረው ልጅ የሚጠገነውን አውሮፕላን እያየ እንዲማር አድርጎ፣ በ1963 ዓ.ም. አስተዳደሩን ሳይቀር በኢትዮጵያዊ እጅ አስገባ። በዚያ ቤት ሠሪና አስተማሪ ተለያይተው አያውቁም። እያንዳንዱ ፋብሪካ እንዲህ ያለ ማሠልጠኛ ይኑረው አይባልም፤ ዐቅሙ የለውምና። ዩኒቨርሲቲው የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በታች ደግሞ አንድ የቆየ ነገር አለ። የእጅ ሥራን የሚንቅ አስተሳሰብ በአገራችን ለዘመናት ነግሦ፣ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን ስም እያወጣ ሲያዋርድ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ ይህን ስድብ በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። ዐዋጁ ግን ልብን ፈጥኖ አይለውጥምና፣ እስከ ዛሬ ድረስ ቱታ ከመልበስ ካባ መልበስን፣ ከቶርኖ አጠገብ ከመቆም በወንበር መቀመጥን የምናከብር ሰዎች ነን። የሚያሳዝነው፣ የራሳችን የሊቃውንት ሥርዓት ይህን አላስተማረንም ነበር። ቍም ጸሐፊ ለመሆን የሚማር ደቀ መዝሙር ፊደል መጣል ብቻ አልነበረም ትምህርቱ፤ ቆዳውን በመወጠሪያው ላይ መወጠር፣ ፍቆ ብራና ማድረግ፣ ቀለሙን መበጥበጥ፣ ብዕሩን ከመቃ መቅረጽ፣ ኋላም መጠረዝ ነበረ፤ ይህንም ሁሉ የሚያሳየው መምህሩ ራሱ በእጁ እየሠራ ነው። ሊቁ በእጁ ባላፈረበት አገር የምህንድስና መምህር በእጁ ሊያፍር አይገባውም።

ዩኒቨርሲቲ የፋብሪካ ሎሌ ይሁን ወይ፣ ግእዝና ታሪክ፣ ፍልስፍናና ሥነ ከዋክብትስ በማን ገንዘብ ይጠኑ፣ የሚል ሥጋት ሲነሣ እሰማለሁ። ሥጋቱ ተገቢ ነው። ዕውቀትን ለዕውቀትነቱ የሚሹ ሊቃውንት የሌሉበት ዩኒቨርሲቲ የሙያ ማሠልጠኛ እንጂ ዩኒቨርሲቲ አይደለም፤ እነዚያን ክፍሎች በፋብሪካ ሚዛን መመዘንም በደል ነው። እኔ የምናገረው ግን በስሙና በሥርዓተ ትምህርቱ ለሥራ አዘጋጃለሁ ብሎ ቃል ስለ ገባው ክፍል ነው፤ መሐንዲስ አደርግሃለሁ ተብሎ አምስት ዓመት የተቀመጠ ወጣት፣ መሐንዲስ ሳይሆን ሲወጣ የሚጠየቅለት አካል መኖር አለበት። የመውጫ ፈተናው ይህን ጥያቄ በከፊል ይመልሳል፤ ሰነፉን ከትጉሁ ይለያል፤ ነገር ግን የሚፈትነው በወረቀት ላይ ምርጫ በማስመረጥ ስለ ሆነ፣ ዝግጅቱ ሁሉ ወደ ወረቀቱ ካዘነበለ ወርክሾፑ ይብሱን ይዘጋል ብዬ እፈራለሁ።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ ቦርዶችን፣ የትምህርት ሚኒስቴርንና የፋብሪካ ሥራ አስኪያጆችን የምለምነው ከባድ ነገር አይደለም። እያንዳንዱ የምህንድስናና የቴክኖሎጂ መምህር በየጥቂት ዓመቱ አንድ ሙሉ መንፈቀ ዓመት፣ ደመወዙ ሳይቋረጥ፣ በአንድ ፋብሪካ ወይም የሥራ ስፍራ ተመድቦ ይሥራ፤ ያገኘው መፍትሔ በፋብሪካው ሲመሰከርለት ለማዕርግ ዕድገቱ እንደ ታተመ ጽሑፍ ይቈጠርለት፤ ፋብሪካው በበኩሉ አንድ መሐንዲስ ወይም አንድ የታወቀ የጥገና ባለሙያ፣ ዲግሪ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ በሳምንት አንድ ቀን ወደ ክፍል ይላክ፤ የኢንተርንሺፕ ተማሪውንም ቍጥሩን ቀንሶ፣ ለምሳና ለትራንስፖርት የሚበቃ ገንዘብ እየሰጠ፣ እውነተኛ ሥራ ያሠራው። የተማሪው ምደባ መምህሩ ባለበት ፋብሪካ ይሁን። ለዚህ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ አዋጁ አለ፤ ጽሕፈት ቤቱ አለ፤ የቀረው መምህሩን መላክ ነው፤ እርሱም በመጪው የትምህርት ዘመን ሊጀመር ይችላል።